የእትዬ ሜትር ስልክና የቁም ሣጥኑ በር

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ሜትር» ይላታል። የልብስ መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ አንዴ ለቀብር ሳይቀር ይዛው ሄዳለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷ ስትቆርጥ እኔ ከጎኗ በካውያ ስተኩስ ኖሬያለሁ። ስለ እሷ ከኔ የተሻለ የሚያወራ አለ የሚል ካለ ይምጣ፤ ካውያው እንደጋለ ነው።

አምና ዓይኗ ከዳት። ከደብተሯ ላይ 98ን 93 ብላ አንብባ የአንድ ጥበቃ ሱሪ አሳጠረችበት። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ «ለክረምት ይሆነኛል፣ ጭቃ አይነካውም» ብሎ ወሰደው። እሷ ግን አልሳቀችም። «ሌላ አንድ ልብስ ካበላሸሁ መቀሴን እሰቅላለሁ» አለች። እህቴ ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት። ያለ መቀስ እሷን ማሰብ ስላልቻልኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈራሁ።

መላ ያመጣችው ልጇ ናት። እንጀራዋ የስልክ መተግበሪያ መሥራት ነው፤ ሥራዋን ማስረዳት ሲሰለቻት ግን «ስልክ ውስጥ ነው የምሠራው» ብላ ትገላገላለች። ለእናቷ የደንበኞችን ልክ የሚይዝ መተግበሪያ ሠርታ ስልኳ ላይ ጫነችላት። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፤ ከታች «መዝግብ» የሚል ቁልፍ። እኔም በበኩሌ ሙያዬን አሳየሁ፤ የስልኩ ቅንብር (ሴቲንግ) ውስጥ ገብቼ የፊደሉን መጠን እስከ መጨረሻው ጎተትኩት። ዓይኑ ለደከመ ሰው ሁሉ የምመክረው ነው፤ መነጽር ከመቀያየራችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ፊደሉ ዳቦ አከለ። እህቴ መረቀችኝ።

ልጅቷ ከሥራ በተመለሰች ቁጥር ትጠይቃለች።

«እማዬ፣ መተግበሪያው እንዴት ነው?»

«ወርቅ ነው ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ።»

የልጅቷ ፊት ይፈካል።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ከዚያ የአንድ ትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ አሥራ አራት የደንብ ልብስ አዘዘ፤ እህቴም ልጆቹን አንድ በአንድ ለካቻቸው። ጨርቁ በሚቆረጥበት ጠዋት ልጅቷ የልፋቷን ፍሬ ለማየት ፈቃድ ወስዳ መጣችና የእናቷን ስልክ ከፈተችው። ባዶ ነው። አንድ ትከሻ፣ አንድ ወገብ እንኳ የለበትም።

በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። «አጠፋሁት። የአሥራ አራት ልጆች ልክ አጠፋሁ።»

እኔም ካውያዬን ነቀልኩ። መቀሱ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ታየኝ።

እህቴ አንገቷን ደፍታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደችና በሩን ከፈተችው። የበሩ ውስጠኛ ገጽ ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ተጽፎበታል፤ እያንዳንዱ ቁጥር መዳፍ ያህላል። ልጆቹን በስም ስለማታውቃቸው በያዙት መሣሪያ ነው የለየቻቸው፦ «ትልቁ ከበሮ፣ ወገብ 81»፣ «ሳቂታው ጥሩምባ፣ ደረት 70»።

«ስልኩ ያስገባሁትን ሁሉ በነጋታው ይረሳዋል» አለች። «ጣቴ ወፍሮ እኔ የማጠፋው መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ስጠይቅሽ ወርቅ ነው ትይኛለሽ።»

«ስትጠይቂኝ ፊትሽን አታዪውማ። ደግሞ ዝም አይነቅዝም።»

«ሥራዬ ነቀዘ እኮ እማዬ» አለች ልጅቷ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አቃተኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መተግበሪያውን በራሷ ስልክ፣ በራሷ ደቃቅ ፊደል ብቻ ስለሞከረችው ጉዱ ሳይታያት ቀርቷል። አሁን ግን አንድ ነገር ለመነች፦ እናቷ እኔን ለክታ ትመዝግብ፣ እሷ ዝም ብላ ታያለች።

«አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አልኳት። እጆቿን ጭኗ ሥር ከትታ ተቀመጠች።

እኔ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እህቴ መጀመሪያ ስሜን ጻፈች፤ ቀጥላ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀች። እጄ ዛለ። «ወፍ ልጠብቅ ነው እንዴ የቆምኩት?» አልኩ። ከዚያ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። አስገብታ ስትጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሜትሯን አንገቷ ላይ መለሰች።

ልጅቷ ቃሏን አጠፈች። «እማዬ፣ መዝግብ የሚለውን አልነካሽውም።»

«የቱን?»

ሦስታችንም ስልኩ ላይ አጎነበስን። ቁልፉ የለም። እኔ ያሳበጥኩት ፊደል ገፍቶ ገፍቶ ከስክሪኑ በታች አውርዶታል፤ ልጅቷ የሠራችው ገጽ ደግሞ ወደ ላይ አይንሸራተትም። አጎትና የእህት ልጅ ተያየን፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነበር።

እስከ ምሳ ሰዓት ከኮምፒውተሯ ቀና አላለችም። «መዝግብ» ፊደሉ የቱንም ያህል ቢያድግ ከቦታው የማይነቃነቅ ሆነ። ስምና ስልክ ቁጥር ወደ መጨረሻ ሄዱ፤ ደንበኛው እጁን አውርዶ አርፎ ይመልሳል። «ከዛሬ ጀምሮ የምሠራውን ሁሉ መጀመሪያ ፊደሉን እንደ አጎቴ አሳብጬ ነው የምሞክረው» አለች። ሙገሳ ነው ብዬ ወሰድኩት።

እህቴ የበሩን ቁጥሮች አንድ በአንድ ወደ ስልኩ አስገባች። መተግበሪያውን ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው፤ አሥራ አራቱም አሉ። ልጅቷ ለማንኛውም ብላ በሩን ፎቶ አነሳችው። እህቴ ስልኩን ከጨርቁ ጎን አቁማ የትልቁን ከበሮ ወገብ አነበበችና መቀሷን አስገባች። የመቀሱን ድምፅ ስሰማ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

«ልጄ» አለች ከጨርቁ ቀና ሳትል፣ «እውነቱን ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ቀለሙ ደስ አይልም፣ የሆስፒታል ግድግዳ ነው የሚመስለው። ሲመዘግብ ጢው የሚለውም እንደ ትንኝ ያናድዳል። ደግሞ የእጅጌ ቦታ የታለ? ልጆቹን በሰደርያ ልልካቸው ነው?»

«ቆይ፣ ቆይ እማዬ፣ ልጻፈው» አለች ልጅቷ። ወርቅ ነው በተባለች ጊዜ እንኳ ፊቷ እንዲህ ፈክቶ አላየሁም።