በበሩ ያልገባው ጠረጴዛ

እናቴና እኔ ሸቤ ሳለን በአንድ መጋዘን ቡና ለቃሚዎች ነበርን። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን አውጥቶ ንጹሑን ማስቀረት ነው ሥራው። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ከሰፌዴ ላይ ጥቁር ፍሬ ያገኘ ተቆጣጣሪ አልነበረም። ኋላ ለጋብቻ የሚጠይቁኝን ስመልስ እናቴ ይህን እያነሳች ትተርበኝ ነበር።

«ወንዱንም እንደ ኤክስፖርት ቡና ለቅመሽ ለቅመሽ፣ ሰፌዱ ባዶ እንዳይቀር!»

እኔ ግን ፈልጌ የማወጣው አንድ እንከን ብቻ ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ጅማ አክስቴ ዘንድ ከመጣሁ በኋላ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን እቀመጥ ነበር፤ ከጎኔ ያሉት ሕፃናት «እትዬ» ይሉኛል። ስለዚህ ማንም ሊያገባኝ ሲመጣ ጥያቄዬ ያው ነው፦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ትምህርት ቤት ታቆየኛለህ? ከሰርቦ የመጣው የጀንፈል ቡና ነጋዴ መልኩም ጠባዩም ደህና ነበር። ሳቅ ብሎ «እኔ እያለሁልሽ ትምህርት ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ በፍቅር ነው ያለው። ከሰፌዴ ግን ወጣ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ቦሳ አዲስ ከሚባለው ሰፈር አንድ አናጺ የትምህርት ቤቱን ዴስኮች ሊጠግን መጣ። የእኔ ዴስክ እንዳይወዛወዝ ከእግሩ ሥር ወረቀት አጥፌ አስገብቼበት ነበር። ወረቀቱን አውጥቶ ለካው።

«ይህን ማን አጠፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ እንደ ጥፋተኛ።

«ልክ የጎደለውን ያህል ነው። አንድ እጥፍ አልበዛም፣ አላነሰም።»

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ያን ቀን ግን የተሰበረ ዴስክ አልነበረም። ላግባሽ ሲለኝ ያንኑ ጥያቄዬን ጠየቅኩት። «እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» አለ። «ሁለታችንም ለምን እንቆጭ?»

ደስ አለኝ። ቢሆንም ቃል ቃል ብቻ ነው፤ እኔ በእጄ ያልዳሰስኩትን ፍሬ ንጹሕ ነው አልልም።

ኒካሁ በአክስቴ ቤት ሲታሰር ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ ጓዳ ነበርን። አባቴ በሕይወት ስላልነበረ ወኪሌ አጎቴ ነው። ሙሽራው የሚሰጠኝን መህር ሊጠይቀኝ አንገቱን ወደ ጓዳ አስገባ።

«መህር ምን ልበል? ወርቅ ነው?»

«ጠረጴዛ።»

«ምን?»

«በእጁ የሠራው፣ የማነብበት ጠረጴዛ። ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ማንም እንዳያስቆመኝ።»

አክስቴ ራሷን ያዘች። «ወላሂ ይህች ልጅ ልታዋርደን ነው! በጠረጴዛ ኒካህ ይታሰራል?»

አጎቴ ሄደ። ወዲያው የሳሎኑ ሳቅ እስከ ጓዳ ተሰማ። ሼሁ ግን ዋጋ ያለው ነገር እስከሆነ ድረስ የመምረጥ መብቱ የሙሽራዋ ነው አሉ። አጎቴ እንደገና ብቅ አለ።

«ሙሽራው መሳቢያው ስንት ይሁን ይላል።»

«ሁለት። አንዱ ቁልፍ ይኑረው።»

እስከ ሠርጉ ድረስ ጠረጴዛውን ሲሠራ ከረመ። ተቀምጬ ክርኔ የሚደርስበትን ቁመት በአክስቴ በኩል በክር አስለክቶ ወሰደ። እንጨቱ ዋንዛ ነው። እግሩን ከገበታው ጋር ያያያዘው በምስማር ሳይሆን እንጨት በእንጨት በሚሰካ ጉጥና በኮላ ነው፤ አንዴ ከተጣበቀ አይፈታም። ሁሉን ለካ። የቤቱን በር ብቻ አልለካም።

ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው በአራት ሰው ሸክም መጣ። ቤታችን በእናቱ ግቢ ውስጥ እሱ ራሱ የሠራት የጭቃ ቤት ናት። በቁሙ ሞከሩት፤ እንቢ። በጎኑ፣ እንቢ። ገልብጠው እግሩን አስቀደሙ፤ ሁለቱ ገብተው ሁለቱ ውጭ ቀሩ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ።

«በረንዳ ላይ ይቀመጥ፤ ሽንኩርት ይከተፍበታል!» አለች አንዷ።

«አናጺ በሩን ሳይለካ? ደንበኞችህ እንዳይሰሙ!» አለው ታላቅ ወንድሙ፤ ቀጥሎም «እግሮቹን ቁረጣቸውና ገላግለን» ብሎ መጋዙን ሰጠው።

አማቴም በቀስታ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ትንሽዬ ጠረጴዛ ትበቃሻለች። ዓመት ሳይሞላ ልጅ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። ያኔ ማን ያነባል?»

እሳቸውም የተናገሩት በፍቅር ነው፤ እንደ ሰርቦው ነጋዴ። ሙሽራ ነኝ፤ ተከናንቤ ጥግ ቆሜያለሁ፤ ሙሽራ በሰው ፊት አትናገርም። መጋዙ ባሌ እጅ ላይ ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«መህርሽ ነው፤ ያንቺ ንብረት ነው። ልቁረጠው?»

«አይቆረጥም» አልኩ። በዚያ ግቢ ውስጥ ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ።

«እንግዲያው ግድግዳው ይቆረጣል።»

«ያ አላህ! ቤቱን ሊያፈርሰው ነው!» አሉ አማቴ። «ልጄ አበደ!»

«እማ፣ ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ እሠራዋለሁ። ጠረጴዛው ግን የእሷ ነው።»

ወንድሙ እየሳቀ ዶማ አመጣ። ጠረጴዛው በሰፊው ቀዳዳ እንደ ሙሽራ ቀና ብሎ ሲገባ እልል ተባለ፤ ሽንኩርት ይከተፍበታል ያለችው ነበረች ቀድማ እልል ያለችው። ማታውን ዝናብ እንዳይገባ የቡና መሸፈኛ ሸራ ጋረድንበት። በማግስቱ አማቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው ሲያቦኩ አገኘኋቸው። «ምን ትገተሪያለሽ፣ ውሃ አምጪ!» አሉኝ። ተጫምቼ የወጣሁትን ጫማ አውልቄ ገባሁበት፤ ስንንሸራተት፣ ስንሳሳቅ፣ ክንብንቤም ጭቃ ሆኖ ቀረ። የተቆረጠውን ዳር ለሰንነው፤ ባሌም ለሰፊው ቀዳዳ አዲስ በር ሠራለት።

ልጅስ መጣ፤ አማቴ እንዳሉት በዓመቱ ሳይሆን አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ። ባሌ ዛሬም ሻዬ ውስጥ ሰጋቱራ ያራግፍብኛል፤ በዚህ የማንጨቃጨቅበት ሳምንት የለም። ፈተና ሲደርስ ግን ልጁን አማቴ አዝለው ግቢውን ይዞሩ ነበር። በመስኮት ይሰማኛል፦ «ዝም በል፣ እናትህ ሥራ ላይ ናት።»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ በመጣ ቀን ወረቀቱን ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ይህች ትንሽ ቤት ለምን እንዲህ ያለ የመጋዘን በር እንዳላት ይጠይቃል። አፌን እስክከፍት አማቴ የት ይጠብቁኛል?

«ምራቴን ያስተማርናት» ይላሉ፣ «በዚህ በር ነው።»