የአማካዩ ቤተሰቦች

በዚያ ዘመን እሑድ እሑድ የምንጫወተው ቴክሳስ፣ ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ጎን ባለች ሜዳ ላይ ነበር። መሃሏ ሣር የሌለው፣ አንደኛው ጎል መረብ አልባ የሆነች ሜዳ ናት። እኛ ግን ለእሷ ስንል ሳምንቱን ሙሉ ሺፍት ስንለዋወጥ እንከርማለን። ከመጋዘን ሥራ ዓይኑ እንደቀላ የሚመጣ አለ፤ አስቀድሶ ነጠላውን መኪናው ውስጥ ጥሎ የሚሮጥ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አለ። እኔ ኤርፖርት የመንገደኞች ቫን እነዳ ነበር። ሜዳ ላይ ግን አማካይ ነበርኩ፤ ያውም ኳስ የማይነጠቅ አማካይ። ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም ነበር፤ ያ የእነሱ ችግር ነው። ያን ጊዜ አሁንም ይናፍቀኛል።

እሱን መጀመሪያ ያየነው አጥሩን ተደግፎ ሲመለከተን ነው። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ ነጭ ሰውዬ። "ኢሚግሬሽን እንዳይሆን" አለ ግብ ጠባቂያችን፣ በቀልድም በፍርሃትም። ኳሷ ወጥታ ወደ ሰውዬው ተንከባለለች። በእግሩ ጎን ዝም ብሎ ነካት። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ወዲያኛው ክንፍ ላይ የቆመው ልጃችን እግር ስር ሄዳ አረፈች። ልጁ አንድ እርምጃ እንኳ መሄድ አላስፈለገውም። ጨዋታውን አቁመን ሰውዬውን ማየት ጀመርን።

ቦስኒያዊ ነበር፤ ጎረቤታችን ፍሪስኮ ከተማ ባለው የእግር ኳስ ክለብ የሚጫወት፣ ደመወዝ የሚበላ እውነተኛ አማካይ። ጉልበቱ ተጎድቶ ብቻውን እየሮጠ የሚያገግምበት ጊዜ ነበር፤ አፓርትመንቱም ከሜዳችን ጀርባ ነው። ኮንትራቱ ከእኛ ጋር መጫወት ስለማይፈቅድለት ፊሽካ ሰጠነውና ዳኛ አደረግነው። ዳኝነቱ ግን አልሆነለትም። ኳስ አጠገቡ ስታልፍ እግሩ ይቀድመዋል፤ ሳያስበው ለአንደኛው ቡድን ያቀብላል፤ ከዚያ "ዳኛው ለእነሱ እየተጫወተ ነው!" እየተባለ ጭቅጭቁ ይቀልጣል። እሱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይስቃል። ስሙ አፋችን ላይ ስለማይመች "አማካዩ" አልነው። በዚህ የተከፋሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከጨዋታ በኋላ መኪናዬ ኮፈን ላይ ተቀምጠን፣ ሁለታችንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሕይወቱን በቁርጥራጭ አወራኝ። ኳስን የተማረው በአገሩ ጦርነት ጊዜ በአፓርታማ ኮሪደር ውስጥ ነው፤ ውጭ መውጣት ስለማይቻል ከጎረቤት ልጆች ጋር በጨለማ ይጫወቱ ነበር። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ኳስ ይዞ መሮጥ አይቻልም፤ ማቀበል ብቻ ነው። "አማካይ የሆንኩት በግድ ነው" ይለኛል። ሰላም ሲሆን ለከተማው ቡድን ተጫወተ፣ ከዚያ ጀርመን፣ ከዚያ ቱርክ፣ ከዚያ እኛ ጋ። ትልቅ ኮከብ አልነበረም፤ እሱም ነኝ ብሎ አያውቅም። ባለቤቱና ትንሽ ልጁ ግን የቴክሳስ ኑሮ አልሆን ብሏቸው ከዓመት በፊት ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ስለ ልጁ ሲያወራ ድምፁ ይቀንሳል።

አንድ እሑድ፣ መስከረም መጨረሻ አካባቢ፣ መኪኖቻችን ጋ ቆመን ውሃ ስንጠጣ መጣና "ይህ የመጨረሻ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ በቃኝ ብሏል" አለን። "በጥቅምት በክለባችን ሜዳ የመጨረሻውን ጨዋታ እንጫወታለን። ለሁላችሁም ትኬት አለኝ። ትመጣላችሁ?"

"ኧረ አይ፣ አትቸገር" አለ አንዱ። "ስንት ወዳጅ ይኖርሃል፣ ለእነሱ ስጥ" አለ ሌላው። እኔ ደግሞ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "አናስቸግርህም፣ አመሰግናለሁ" አልኩት። የሁላችንም ልብ ግን ትኬቱ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ እሺ የሚል ሰው ምን ይባላል? ደግሞ እስኪጠይቀን፣ "በሞቴ" ብሎ እስኪለምነን ድረስ እየጠበቅን ነበር።

እሱ "ኦኬ" አለ። ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

"ሄደ እንዴ?" አለ ግብ ጠባቂያችን።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም። ያለ ዳኛ ተጫወትን፤ የሚገርመው ጭቅጭቁ ጠፋ፣ ጨዋታው ግን አልጣመንም። በመጨረሻ ቤቱ ሄጄ አንኳኳሁ። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ምን አስቀይመንህ ነው ስለው መጀመሪያ "ምንም" አለ። ከዚያ ግን፣ "ክለቡ ከጨዋታው በኋላ ይሸኘኛል" አለኝ። "ተሰናባቹ ተጫዋች ቤተሰቡን ሜዳ ላይ አስገብቶ አብሯቸው ይዞራል፤ ልማዱ ነው። እኔ እዚህ ማንም የለኝም። የምጠራው እናንተን ነበር። አልፈለጋችሁም፤ ችግር የለም።"

መሳቅ ጀመርኩ፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው "አይ" መልስ እንዳልሆነ፣ ጋባዡ እንዲጎተጉት በር መክፈቻ እንደሆነ አስረዳሁት።

"እናቴም እንደዚያ ነበረች" አለ። "እንግዳውን እጅጌውን ይዛ ወደ ቤት ትጎትተው ነበር። ጀርመን መጀመሪያ ስሄድ እኔም ሰው ስጎትት ሸሹኝ። አይ ያለ ሰው አይ ማለቱ ነው ብለው አስተማሩኝ፣ ተማርኩ።" ካርቶን ላይ ተቀመጠ። "እንዴት ረሳሁት?" ትኬቶቹን ለክለቡ መልሷቸው ነበር።

እሑድ ሜዳ ላይ ይህን ስነግራቸው እርስ በርስ መወነጃጀል ሆነ።

"አንተ ነህ ያበላሸኸው! አትቸገር ምን አመጣው?"

"ሶ፣ እሺ ልበል? ማለቴ፣ እንደ ራብተኛ?"

ከዛፉ ጥላ ስር በታጣፊ ወንበር የተቀመጡት አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የግብ ጠባቂያችን አባት ናቸው፤ ልጃቸው ከወሎ ካስመጣቸው ዓመት አልሞላቸውም፣ እሑድ እየመጡ ያዩናል። "እኔን ማን ጠየቀኝ?" አሉ። "እኔ እኮ በመጀመሪያው እሺ እል ነበር። ይልቅ ትኬቱን ግዙና ሂዱ።"

"እርስዎስ ይመጣሉ አባባ?"

"ታዲያ ማን ይዟችሁ ሊሄድ ነው?"

ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ኦፍ ያላገኘ ሺፍቱን ለባልደረባው ሸጠ፣ ያልቻለ አሞኛል ብሎ ለአለቃው ኮል አደረገ። በሦስት መኪና ታጭቀን ወደ ፍሪስኮ ወጣን፤ መንገዱ ተዘጋግቶ አንጀታችን አረረ። ያገኘነው ወንበር ከላይ ጥግ ነው። እሱ ተቀያሪዎች ጋ ተቀምጧል፤ መምጣታችንን አያውቅም። አንደኛው አጋማሽ አለቀ፣ ሁለተኛውም እያለቀ ሄደ፣ አልገባም። አሰልጣኙን በአማርኛ ያልሰደብነው ስድብ የለም። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተነስቶ ሹራቡን አወለቀ። የጮህነው ጩኸት ጎል የገባ ያስመስል ነበር፤ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ፈረንጆች ዞረው አዩን።

የመጀመሪያውን ኳስ ለተቃራኒ ቡድን ሰጠ። ከዚያ ግን አንድ ጊዜ፣ ከመሃል፣ ያችን የእሱን ኳስ ላከ፤ ሜዳውን አቋርጣ ሄዳ ክንፉ ላይ ያለው ተጫዋች እግር ስር አረፈች። ጎል አልሆነችም። ለእኔ ግን በቂ ነበረች፤ ያን ቀን እኔ አማካይ እንዳልሆንኩ በደስታ ተቀበልኩ።

ፊሽካው ሲነፋ ማይክሮፎን የያዘ ሰው የአማካዩን ስም ጠራ፤ እሱ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መሃል ሜዳ ብቻውን ቆመ። እኛ ደረጃውን እየተጋፋን ወደ ታች ወረድን። ጥበቃው እጁን ዘረጋ፤ "ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው።"

"ቤተሰቡ ነን" አልኩት።

ቆዳችንን አየ፣ መሃል ያለውን ሰው አየ። መሳቅ ፈለገ መሰለኝ። ያኔ አማካዩ አየን። እየሮጠ ሳይሆን በዚያ ጉልበቱ እያነከሰ መጣ፣ መግቢያው ላይ የተወጠረውን ገመድ ራሱ ከፍ አደረገው፣ "የእኔ ናቸው፤ ሁሉም" አለ።

ሜዳው ላይ አቅፈነው ቆምን። አባባ ወደ ፊት ወጡና "ጎንበስ በል ልጄ" አሉት። እኔ ሳልተረጉምለት ጎንበስ አለ። አባባ መዳፋቸውን ከፈቱ፤ እሱም፣ እናቱ ቤት እንደለመደው ሁሉ፣ እንደ እሳቸው መዳፉን ከፈተ። "ያ ረቢ፣ ይህን ልጅ በሰው አገር እንዳልጣልከው፣ በሰላም ለቤቱ አብቃው" አሉ። "አሚን" አለ እሱ፣ ከሁላችን ቀድሞ። ከዚያ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አልን። "ለኳስ የሮጥክበት ይብቃህ። ከእንግዲህ እግርህ ወደ ልጅህ ይሩጥ።"

"አሚን" ካለ በኋላ፣ እንደጎነበሰ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዳሉት ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ቀና ሲል፣ "አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ በላቸው" አለኝ።

አባባም እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ደገሙለት።