የወር መርፌው ሐኪም

ዶክተር ዮፍታሔ መጀመሪያ ወደ አፀደ ቤት የመጣ ዕለት፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ሄዶ መስኮቷን ከፈተ። ከዚያ አልጋውንና መሬት ላይ የተነጠፈውን ፍራሽ እያየ፣ "እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት?" ብሎ ጠየቃት።

አፀደ አሰላ ገበያ ውስጥ ቅቤና ቅመም የምትሸጥ፣ ሊያታልላት የመጣን ሰው ከአረማመዱ የምታውቅ ሴት ናት። የሰው ቤት ገብቶ መኝታ የሚቆጥር ሰው ለደግ እንደማይመጣም ታውቃለች። በሌላ ከተማ የደሃ ቤት ሊፈርስ ሲል በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የተጀመረው ሲባል ሰምታለች።

"እንደየቀኑ ነው" አለችው። ተነስታም መስኮቱን መልሳ ዘጋችው። የአሰላን ብርድ የማያውቅ ይመስል!

ዶክተሩ ቅር አላለውም። በሩን ተደግፋ ወደቆመችው ወደ ልጇ ወደ ፅዮን ዞረና አፏን አስከፍቶ ጉሮሮዋን በእጅ ባትሪ አየ። "ልጆች ተጨናንቀው ሲተኙ የጉሮሮ ሕመም ካንዱ ወዳንዱ ይዛመታል። ጉሮሮዋን ሲያማት ዝም እንዳትዪ፤ ይዘሻት ነይ" ብሎ ወጣ። አፀደ ከኋላው እያየችው፣ ወደ ቀጣዩ ግቢ ገብቶ የጎረቤቷንም መስኮት ሲከፍት ሰማች።

ሐኪም ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከበዳት። ዶክተር ዮፍታሔ ግን የምክር ቤት አባልም ነበር። የሕፃን ጫማ የምርጫ ምልክቱ አድርጎ በግል ተወዳድሮ ነው ያሸነፈው። በስብሰባ ሁሉ ተነስቶ የሚያወራው ስለ ልጆች ነው፤ ለትምህርት ቤት ውሃ ይግባ፣ ለጤና ጣቢያ ፔኒሲሊን ይምጣ። ስለ ኮብልስቶን ሲጠይቁት እንኳ መልሱ ዞሮ ዞሮ የልጆች ጉሮሮ ላይ ያርፋል እያሉ ይቀልዱበታል። አፀደ ግን አያስቃትም ነበር። ልጆች ድምፅ አይሰጡም። ድምፅ ለማይሰጥ ሰው ይህን ያህል የሚደክም ፖለቲከኛ ያላሳየን ነገር አለ ማለት ነው።

ጎረቤቷ ሚፍታ ዶክተሩን በባጃጁ ያመላልሰው ስለነበር አንድ ቀን ይዛ ትመረምረው ጀመር።

"ከማን ጋር ነው የሚውለው? ማን ቤት ነው የሚበላው?"

"ወላሂ እትዬ አፀደ፣ ቆሎ በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው።"

"ሚስትስ የለችውም?"

"አዲስ አበባ ናት ይባላል። እንሂድ ብትለው እምቢ አላት አሉ።"

"ለምን እምቢ አለ?"

ሚፍታ ትከሻውን ሰበቀ። "እኔ መንዳት እንጂ ይሄን አልጠየቅኩትም።"

ትዳሩን ትቶ የሰው ልጅ ጉሮሮ ሲያይ የሚውል ሰው! አፀደ ይህንንም ከሌላው ጥርጣሬዋ ጋር ደመረችው።

በዚያው ክረምት ፅዮን ታመመች። በመጀመሪያ ጉልበቷ አብጦ አላስነካ አለ። እሱ ሲቀልላት ቁርጭምጭሚቷ ተነሳ። ከዚያ ትንፋሽ እያጠራት፣ ከቤት እስከ ዋናው መንገድ ያለችውን ዳገት ሁለቴ ተቀምጣ የምትወጣት ሆነች። አፀደ አማራጭ ስታጣ ልጇን አዝላ ሆስፒታል ዶክተር ዮፍታሔ ዘንድ ወሰደቻት። እሱም ልብ በሚያሳየው ማሽን ካያት በኋላ እናቲቱን አጠገቡ አስቀምጦ ነገራት።

"ሳይታከም የቆየ ቶንሲል ነው ልቧን የጎዳው። የልቧ አንዱ በር ደህና አድርጎ አይዘጋም። እንዳይብስባት በየወሩ ፔኒሲሊን መወጋት አለባት።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትጎለምስ። ምናልባት ከዚያም በላይ።"

በየወሩ መርፌ፣ ለሴት ልጅ፣ እስክትጎለምስ ድረስ! ገበያ ውስጥ ይህን ስታወራ የሰሟት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። የወሊድ መከላከያውስ በመርፌ አይደል እንዴ የሚሰጠው? "የልብ ነው ያለሽ ማነው? ማህፀኗን ሊዘጉባት ነው" አለች አንዷ። አፀደ ባዶውን ብልቃጥ ለምና ወስዳ ለፋርማሲ ሰው አሳየች። ፔኒሲሊን ነው አላት። ይህም አላሳረፋትም። እሷ ራሷ በርበሬ የምታስቀምጠው በወተት ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ውስጡ ላለው ምን ዋስትና ይሆናል?

ያም ሆኖ ልጅቷ ዳገቱን ሳትቀመጥ መውጣት ስለጀመረች፣ እየተጠራጠረችም ቢሆን ታስወጋት ነበር። በኋላ ግን ማሂ የምትባል ልጅ፣ በሳጉሬ መንገድ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ ያንኑ መርፌ እንደተወጋች ወንበሩ ላይ ተዝለፍልፋ ሞተች። ወሬው ገበያውን ሲያዳርስ አፀደ ሚዛኗን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሮጠች። ፅዮንን እቅፍ አድርጋ፣ "ከእንግዲህ ሞቼ ነው የምትወጊው!" አለች።

የዚያው ሳምንት ቅቤ ልትገዛ ሁሩታ ወረደች። ዶክተሩ የሁሩታ ልጅ መሆኑን ሰምታለች፤ ዘሩን የሚያውቁ አንዲት አሮጊት ደንበኛ ነበሯት፣ እማማ ሸዋዬ የሚባሉ። የሰውየውን ጉድ ከሥሩ ልትሰማ ቁጭ አለች።

"የሣህሌ ልጅ ነው እኮ" አሏት እማማ ሸዋዬ።

"እንጥል ቆራጩ ሣህሌ?"

"አዎን፣ እሱው።"

የአፀደ እጅ ሳታዝዘው ወደ ጉሮሮዋ ሄደ። የእሷንም እንጥል በልጅነቷ የቆረጠው እሱ ነበር።

"ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ" አሉ እማማ ሸዋዬ፣ "ቤቱ ልጃቸውን ያመጡ ሰዎች ሞልተውታል። እሱ ሆዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት 'አባዬ፣ ምላጩን አስቀምጠው። ይሄ ሕመም በምላጭ አይድንም' አለው። ሣህሌ ምላጩን ጠርጎ ኪሱ ከተተና 'ከቤቴ ውጣ' አለው። ስንት ሽማግሌ ገባበት መሰለሽ! እምቢ እንዳለ ሞተ።"

"ልጁስ በዚያው ቀረ?"

"የት ይቀራል! አባትየው እስኪሞት ድረስ በየዓመት በዓሉ ይመጣ ነበር፤ ደጁ ላይ ቁጭ ይላል፣ አይከፍትለትም፣ ይመለሳል። በዓመቱ ደግሞ ይመጣል። ግትር ናቸው፤ ሁለቱም።"

አፀደ ቅቤዋን ይዛ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ መጣች። አባቱን በሰው ፊት ያዋረደ ሰው ለሰው ልጅ ይራራል? ወይስ ለልጆቹ ብሎ ነው አባቱን ያጣው? ሁለቱም ያስኬዳል። አንዱን ልትይዝ ስትል ሌላው ያመልጣታል።

ቀጣዩ ምርጫ ደርሶ ስለነበር ተወዳዳሪዎቹ ሕዝቡን በየተራ ይሰበስቡ ጀመር። ፅዮን መርፌውን ካቆመች ወዲህ እንደገና ብሶባት ሌሊት ሌሊት ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት አቅቷታል። አፀደ ዶክተሩ የሚናገርበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ሄዳ ከኋላ ቆመች። ሲዋሽ ልታየው ነው የሄደችው።

ገና ንግግሩን እንደጀመረ አንድ ገበሬ ከመሀል ተነሳ። ኃይለመስቀል ይባላል፤ የማሂ አባት ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

"አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ" አለ ገበሬው። "ልጄን የገደላት መርፌው ነው ወይስ አይደለም?"

ዶክተሩ አጠገብ የቆሙት ደጋፊዎቹ ኮቱን ሳብ አደረጉት። አንዱ ጆሮው ስር የሆነ ነገር አለው። እሱ ግን ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በራሱ ድምፅ መለሰ።

"መርፌው ላይ ነው የሞተችው። ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።"

አዳራሹ ተናወጠ። ጸጥ እስኪል ጠብቆ ቀጠለ። "መድኃኒቱ መርዝ አይደለም። ግን የማሂ ልብ በጣም ደክሞ ነበር። እንዲህ የደከመ ልብ የመርፌውን ሕመምና ድንጋጤ ላይችለው ይችላል። ምግብ ሳትቀምስ መጥታ፣ ቆማ ተሰልፋ፣ ቁጭ ብላ ነው የተወጋችው። ለእሷ በኪኒን ማዘዝ ነበረብኝ። አላደረግኩትም።" ከዚያ ያንኑ ቃል በቃል በኦሮምኛ ደገመው፤ የማሂን አባት ዓይን ዓይኑን እያየ።

ኃይለመስቀል እስኪጨርስ ቆሞ አዳመጠው። ከዚያ ኩታውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ከኋላው ሌሎችም ተከትለውት ወጡ።

አፀደ አልወጣችም። ቤቷ እስክትገባ ድረስ ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ ከምርጫ በፊት እንዲህ የሚል ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ እሷ ያልደረሰችበት ብልጠት አለው።

ዶክተር ዮፍታሔ ተሸነፈ። ውጤቱ በተለጠፈ በማግስቱ አፀደ ፅዮንን ይዛ ሆስፒታል ሄደች። እሱ እንደ ድሮው ነጭ ጋወኑን ለብሶ ሕፃን ያዳምጣል። እስኪጨርስ ጠብቃ ቀረበችው።

"ምርጫው አልቋል። አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ፈልገው ነው እንዲህ የሚሆኑት?"

"መመረጥ ፈልጌ ነበር" አላት።

"ለምን?"

"እዚህ ክፍል የማገኛቸው ልባቸው ከተጎዳ በኋላ ነው፣ እህቴ። ምክር ቤቱ ውስጥ ስሆን ገና ጉሮሯቸውን ሲያማቸው የምደርስላቸው ይመስለኝ ነበር። ለጥቂቶቹ ደርሻለሁ።"

"ሌላ የለም?"

ማዳመጫውን ካንገቱ አወለቀ። "ስሜ ሲጠራ ሲያጨበጭቡልኝም ደስ ይለኝ ነበር።"

አፀደ ከተናገረው ሁሉ ይህኛውን ወዲያው አመነችው። ሰው ነዋ! ሌላውን ደግሞ ቀስ ብላ ታየዋለች።

ፅዮንን በማሽኑ ደግሞ አያት። ልቧ ካለፈው ትንሽ ብሶበታል፤ መርፌውን ግን ይችላል አለ። አፀደ ጎንበስ ብላ ልጇን ሽሮ በደንብ መብላቷን ጠየቀቻት፣ ውሃም አስጠጣቻት። ነርሷ ልትቀዳ ስትል፣ "ቆይ፣ የተከፈተውን አይደለም። አዲሱን እዚሁ ፊቴ ክፈቺው" አለች። ነርሷ ተቆጥታ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

"ክፈቺላት" አለ እሱ። "ያልተከፈተ መሆኑንም አሳዪያት።"

ፅዮን አልጋው ላይ ተኝታ ተወጋች። ከተወጋች በኋላም እንዳትነሳ አፀደ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ፣ ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ እየቆጠረች ብዙ ቆየች።

ፅዮን አሁን ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች፤ መርፌዋንም አላቋረጠችም። ዶክተር ዮፍታሔ ዘንድሮም በየግቢው እየገባ መስኮት ይከፍታል፤ ለሚቀጥለው ምርጫ ሳይመዘገብ አይቀርም ይባላል። ገበያ ውስጥ ልጃቸው የታመመችባቸው እናቶች አፀደን ሲጠይቋት፣ "አስወጓት። ግን በልታ ትሂድ፣ አስተኝተው ይውጓት፣ ብልቃጡንም ፊታችሁ አስከፍቱት" ትላቸዋለች። ስለ ሰውየው ምን ትያለሽ ሲሏት ግን ቅቤዋን ወደ ጥላ እየገፋች፣ "እሱን ገና እያየሁት ነው" ብላ ወሬ ትቀይራለች።