የባናው ቀዳዳ

ያለፈው ቅዳሜ ቤቴን ለሕዝብ ከፈትኩ። ከፈትኩ ይባል እንጂ አስከፈቱኝ። የመሐል ሜዳ ወጣቶች ከባህል ቢሮው ጋር ተመካክረው፣ በከተማው ያለን ባለ እጆች ሁሉ በአንድ ቀን በራችንን ከፍተን ሥራችንን እንድናሳይ ወሰኑ። በሬ ላይ «የወይዘሮ አስካለ ስቱዲዮ» የሚል ወረቀት ለጠፉበት። እኔ ስቱዲዮ የማውቀው ፎቶ ቤት ነው፤ ፏፏቴ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ደርቀን ቆመን የምንነሳበት። «ልጆቼ፣ እኔ ቤት ያለው አንድ የሽመና ጉድጓድና ብዙ የበግ ጠጉር ነው» ብላቸው ሳቁብኝ።

ሰው ግን መጣ። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ የመጡ አስተማሪዎች፣ ተማሪዎች፣ ከሰፈሬ ደግሞ በፊት ዞር ብለው አይተውኝ የማያውቁ ሴቶች። ባና ለማያውቅ ሰው፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው። እኔ አሁን አሁን የሚለበሰውን ትቼ፣ ጥቁሩን ከነጩ፣ ነጩን ከቡናማው እያዋሃድኩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል እሠራለሁ፤ የደጋውን ተክል ጅብራውን፣ የጓሳውን ሣር፣ ጠዋት ገደሉን የሚሞላውን ጭጋግ። ስልካቸውን ደቅነው ደቅነው አነሱኝ። አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ግን ይህን ሁሉ አልፋ ጥግ ላይ ወደተሰቀለው አሮጌ ባና ሄደች። መሃሉ ላይ ባለው ቀዳዳ እጇን ሰዳ፣

«እማማ፣ ይሄን ምን በላው? ብል ነው?» አለችኝ።

«አዎ ልጄ፣ ብል ነው» አልኳት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው እንጂ ቀዳዳው አራት ማዕዘን ነው፤ ብል ደግሞ በመቀስ አይበላም።

ያ ባና የአባቴ የወልዴ ሥራ ነው። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ የማያርፍበት ጉብታ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ሸማኔ ቤት ሰው አይገባም። ሴቶቹ የፈተሉትን ጠጉር አምጥተው አጥራችን ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ባናው ሲያልቅም ከአጥሩ ላይ አንስተው ይሄዳሉ። ለብሰውት ይተኛሉ፣ ልጃቸውን ይጠቀልሉበታል፤ የሠራውን ሰው እጅ ግን አይጨብጡም። ቡዳ ናችሁ ይሉናል። ዓይናችን ልጅ ያሳምማል፣ የምትታለብ ላም ያነጥፋል ይላሉ።

በዚህ የተነሳ አባቴ ለቤታችን ያወጣው ሕግ ነበር። የሰው ልጅ፣ የሰው ከብት፣ የሰው እህል አታድንቁ ይለናል። ሌላው ሰው የጎረቤቱን ልጅ ሲያደንቅ «ማርያም ታሳድግሽ» ብሎ ትፍ ትፍ ይልና ያልፍለታል። ለኛ ግን እሱም አይበቃም፤ ዓይናችንን መሬት ላይ መጣል ነበረብን። አባቴ ራሱ መንገድ ላይ ልጇን ያዘለች እናት ስትመጣ ካየ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር ይመስል ነበር። ጫማ ባላደረገበት ቀን እንኳ።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ፣ እኔ ኮረዳ ሆኜ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አንድ ቀን ወደ ቤታችን መጣ። አጥሩ ጋ ቆሞ ነው የተናገረው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

«ጓድ ወልዴ! ከእንግዲህ ባለ እጅን መናቅ ቀርቷል። ኅዳር ሚካኤል ሲያልፍ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። ቤትህን ትከፍታለህ፣ ሥራህን ታሳያለህ፣ ሕዝቡም ይገባል።»

«ሕዝቡ? እኔ ቤት?» አለ አባቴ።

«ያልገባ ይጠየቃል!»

አባቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። እየዘፈነ ይሠራ ጀመር። እናቴ ግን ነገሩ አልጣማትም። «ወልዴ፣ በትእዛዝ የገባ እንግዳ ምን ይበጅሃል?» አለችው። «አንቺ ደግሞ ሟርትሽን ተይን!» አላት። እኔ ከሱ ጋር ነበርኩ። የሰፈሩ ልጃገረዶች ቤታችን ገብተው ከጎኔ ሲቀመጡ ይታየኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ለዚያ ቀን የሚሆነውን ባና ከሁለት ዓይነት በጎች ጠጉር ጀመረው፤ መደቡ ጥቁር፣ ዳር ዳሩ ነጭ። ሲፈትል የከረመው የኔና የእናቴ እጅ ነው። ባና ተሸምኖ ብቻ አያልቅም፤ ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት በእግር ይረገጣል፤ ያኔ ነው ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ዝናብ የማያስገባው። እኔና እናቴ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ድንጋይ ላይ ስንረግጠው፣ አባቴ ከላይ ውሃ እያፈሰሰ ግጥም ያወጣልን ነበር። የረጠበ በግ ሽታ፣ እግራችን ሥር የሚሞቅ እንፋሎት፣ ጀርባችን ላይ ደግሞ ቆዳ የሚልጥ የኅዳር ውርጭ። እናቴ እንኳ ያን ቀን ስቃለች። ዛሬም ባና ስረግጥ ያቺን ሳቋን ነው የምሰማው።

ቀኑ ደረሰ። ቤቱ በእበት ተለቅልቆ፣ ጓሳ ተጎዝጉዞ፣ የባቄላ ንፍሮና የገብስ ጠላ ቀርቦ፣ ባናው መደቡ ላይ ተነጥፎ ሰው ገባ። የአውራጃው እንግዶች ጠጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሊቀመንበሩም ስለ እኩልነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ጎረቤቶቻችን ግን ጣሳቸውን እንደያዙ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። አንድ በአንድ ወጣ እያሉ ባዶ ጣሳ ይዘው ይመለሳሉ። አባቴ «ጠጡልን እኮ!» እያለ ይቀዳላቸዋል። እናቴ እጄን ይዛ ከአጥሩ ኋላ ወሰደችኝና መሬቱን አሳየችኝ። ጠላችን ጭቃ ሆኖ ተኝቷል። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ፤ አልነገርኩትም።

ሕፃን ግን ትእዛዝም አያውቅ፣ ቡዳም አያውቅ። ከጉብታው ሥር የምትኖረው የዘነበች ልጅ፣ ብርቄ፣ ገና አፏን በመፍታት ላይ ያለች፣ ከእናቷ እጅ አምልጣ እየሮጠች መጥታ ባናው ላይ ተንከባለለች። ጉንጯን ጠጉሩ ላይ አሻሸች፣ ሳቀች። አባቴ ወገቧን ይዞ ብድግ አደረጋት። በሕይወቱ የጎረቤት ልጅ ሲያቅፍ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ደስታው አሰከረው መሰለኝ፣ ጮክ ብሎ፣

«ምን ታምራለች እናንተዬ! ዓይኗን አያችሁት? ዓይኗን!» አለ።

ማርያምን አልጠራም። ትፍ አላለም። ዕድሜ ልኩን ለኛ ያስተማራትን፣ ራሱም የጠበቃትን ያችን አንዲት ነገር በዚያች ቅጽበት ረሳት። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ወደ ዘነበች ዞሩ። ዘነበች መጥታ ልጇን ከእጁ ነጠቀች። የአውራጃው ሰዎች ምን እንደሆነ እንኳ አልገባቸውም፤ ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። በዚያው ሳምንት ብርቄ ታመመች። ትኩሳት አነደዳት፣ ጡት እምቢ አለች፣ ዓይኗ ተገለበጠ። ተበላች ተባለ። ማን እንደበላት የጠየቀ አልነበረም።

ዘነበች ጠዋት ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ አጥራችን ጋ መጣች። ከታች መንገዱ ላይ ዱላ የያዙ ወንዶች ቆመው ይጠብቃሉ። እሷ ግን ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ፣ ተንበርክካ ነበር። እስከዚያ ቀን አባቴን «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት፣

«አባቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ! ልጄን ይማሩልኝ! ከተኛችበት ባና ቁራጭ ይስጡኝና ላጥናት!» አለችው።

ለማያውቅ ልንገር። ቡዳ የበላው ሰው ከቡዳው ጨርቅ ተቆርጦ፣ ተቃጥሎ፣ ጭሱን ካሸተተ ይድናል ይባላል። እንግዲህ አባቴ ቁራጩን ከሰጠ፣ አዎ የበላኋት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ከከለከለና ልጅቷ ከሞተች ደግሞ፣ እነዚያ ዱላ የያዙት ሰዎች ቤታችን ላይ እሳት ይለቃሉ።

«እንዳትሰጥ!» አለች እናቴ ከውስጥ። «አምኖ ሰጠ ይሉሃል። ይህቺን ልጃችንን ማን ያገባታል? ማን ጠጉር ያመጣልናል?»

አባቴ ከአጥሩ ወጥቶ ወደ ዘነበች ሄደ። ከዚያ ድንጋዩን ከማጅራቷ ላይ አነሳላትና፣

«እሰጥሻለሁ። አንቺ ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። በማርያም ማይልኝ» አላት።

«ማርያምን! እወስዳታለሁ!»

ገባና ባናውን አወረደ። መቀሱን ሲያነሳ፣ «አባዬ፣ ከዳሩ ቁረጥላት፤ መሃሉን አታበላሸው» አልኩት። «ከዳሩ ብሰጣት፣ ባትድን ሰስቶ ነው ይሉኛል» አለና መቀሱን መሃሉ ላይ ተከለው። የተረገጠ ባና በቀላሉ አይቆረጥም፤ በሁለት እጁ ታገለው። እናቴ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ እንዲያ አድርጎ ሲቆርጠው የተቆረጠው ሥጋችን ነበር የመሰለኝ።

ልጅቷ ዳነች። ደስ አይልም? በጭሱ አጠኗት፣ ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ወስደው መርፌ አስወጓት፣ በማግስቱ ጡት ያዘች። አገሩ ግን መርፌውን አላወራውም። «ባናው አዳናት፤ በቃ እሱ ነው የበላት» ተባለ። ብትሞትም እኛ፣ ብትድንም እኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥራችን ላይ ጠጉር የሚያንጠለጥል ጠፋ። ያ የእኩልነት ሊቀመንበር እንኳ የራሱን ጠጉር ሌላ አገር ላለ ሸማኔ ላከ። በልጉ ሲገባ ዕቃችንን በአህያ ጭነን፣ ማንም ወደማያውቀን ወደ ዓለም ከተማ ወረድን።

አባቴ እዚያ ጥጥ ሊሸምን ሞከረ። እጁ ጠጉር የለመደ ነውና ድሩ ይበጠስበታል። አንድ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ መወርወሪያውን አስቀመጠና፣

«አስካለ፣ ልጅቷ ቁራጩን ሲያጥኗት ዳነች አይደል?» አለኝ።

«በመርፌው ነው እንጂ አባዬ!»

«እሱስ ነው። ግን... ምናልባት እውነት ቢሆንስ? እኔ ሳላውቀው?»

ሰዎቹ ቡዳ ሲሉት ስንት ዓመት ሰምቷል፤ አምኗቸው አያውቅም ነበር። ያን ቀን አመነ። አምላክ ይፍረድባቸው፣ ከሁሉ ያሳረረኝ ይኼ ነው። እዚያው አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ፣ ታሞ አልጋው ላይ ሆኖ «አምጪያት» አላለኝም። ይዤለት ብገባ ጋቢውን ዓይኑ ላይ ሳበና ወደ ግድግዳው ዞረ። «አውጪያት፣ አስካለ። እንዳላያት» አለኝ። ወባ ሲገድለው የልጅ ልጁን አንድ ቀን ሳያያት ነው የሞተው። ባሌም ቀድሞኝ ሲሄድ፣ ቀዳዳውን ባና ይዤ ወደ ደጋው ተመለስኩ። ሴት ከሽመና ጉድጓድ ገባች ብለው ሲያወሩብኝ፣ አውሩ አልኳቸው፤ ከዚያ የባሰ ወሬ ለምጃለሁ።

ቅዳሜ ወደ ማምሻው፣ ጎብኚው ሳሳ ሲል፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ሕፃን አዝላ ገባች። ቀጥ ብላ ወደ ባናው ሄዳ ቆመች። ብል ነው ወይ አላለችም።

«እትዬ አስካለ፣ የዘነበች ልጅ ነኝ። ብርቄ ነኝ» አለችኝ።

በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩ።

«እናቴ ሳትሞት ነግራኛለች። ‹ጭሱ ይሁን መርፌው እግዜር ይወቀው፤ የሰውዬውን ቤት ግን አፈረስነው› ነው ያለችኝ።»

እግዜር ይወቀው! ያቺ ሴት በሞቷ አፋፍ እንኳ አልለየላትም ነበር። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን የሞተ ሰው ላይ ምን ቁጣ አለ? ጠላ ቀዳሁላት። ብርቄ እዚያው ፊቴ እስከ አንቡላው ጠጣችና ጣሳውን ገልብጣ አሳየችኝ። ከዚያ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«የልጄ ልጅ ናት። ታምራለች አይደል፣ እትዬ?»

ለዚህ እንደመጣች ገባኝ። «ምን ታምራለች እናንተዬ!» እንድላት ነው። አባቴ ያላትን፣ በዚህ ቤት፣ በዚያው ባና ሥር፣ በሩ ተከፍቶ። ልላትም ፈለግሁ። ሕፃኗ ከበደችኝ፣ አናቷ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ጣቴን ይዛ ትጎትታለች። ብርቄ ትጠብቃለች።

«ማርያም ታሳድጋት» አልኩና ትፍ ትፍ ብዬ መለስኩላት።

ብርቄ ሕፃኗን መልሳ አዝላ፣ ጉልበቴን ስማ ወጣች። ወጣቶቹ መጥተው ወረቀቱን ከበሬ ላይ ሲልጡ፣ «እማማ፣ ቀኑ እንዴት ነበር?» አሉኝ። ጥሩ ነበር አልኳቸው። ሕፃኗ ያን ያህል ጊዜ እጄ ላይ ቆየች፤ ክብደቷን አውቀዋለሁ፣ ሽታዋን አውቀዋለሁ። መልኳን ግን አላውቀውም። ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም።