እስከ ምንጩ ድረስ

ሥራዋን ለሚጠይቃት ሁሉ «ነገረ ፈጅ ነኝ» ትላለች፤ የማዕድን ኩባንያ ነገረ ፈጅ። አማቷ ይህን ቃል በሰሙ ቁጥር አያልፏትም። «አንቺ ልጅ፣ ነገሩን ትፈጂዋለሽ ወይስ ይፈጅሻል?» ይሏታል። እሷም «እንደየቀኑ ነው፣ እማዬ» ብላ ትስቃለች።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ «ነጠላ ሰረዝ» ነው የሚሏት። ለፊርማ የተዘጋጀ ውል ሲቀርብላት «ቆይ፣ ቆይ፣ እዚህ ጋ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል» ሳትል አታልፍማ! ሰው ሁሉ ችሎት ቆማ ስትከራከር የምትውል ይመስለዋል። ምኑን! የአቅራቢዎችን ውል ታነባለች፣ የሥራ ፈቃድ ቀኑ ሳያልፍ ታሳድሳለች፣ መሐንዲሶች «ይቻላል አይደል?» እያሉ ሲመጡ ደግሞ «አይቻልም»ን በለዘብታ ትነግራቸዋለች። የሕግ ክፍሉ መስኮት ከድንጋይ መፍጫው ትይዩ ስለሆነ፣ ጠዋት የወለወለችው ጠረጴዛ ላይ ከምሳ በኋላ በጣቷ መጻፍ ትችላለች።

ያን ሰሞን የመጣው ጣጣ ግን የነጠላ ሰረዝ አልነበረም። ኩባንያው ከጎረቤት መንደር ጋር የተፈራረመው ስምምነት «ቁፋሮው እስከ ምንጩ ድረስ ይሆናል» ይላል። መንደሩ የሚጠጣው ከዚያው ምንጭ ነው። የቁፋሮ ኃላፊው፣ አንዴ ከተነሣ ስለማይጠፋ «ጄኔሬተር» የሚሉት ሰውዬ፣ ማሽኑን ምንጩ አናት ላይ ሊያወጣው ተነሣ። የመንደሩ ሴቶችም ጀሪካናቸውን መንገዱ ላይ ደርድረው ቁጭ አሉ።

ጄኔሬተር እየተንደረደረ ሕግ ክፍል ገባ።

«የፈቃድ ወረቀት ስጡኝ! እስከ ምንጩ ይላል፤ ምንጩም አለበት፣ አለቀ!»

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም ሰው ጋሼ የሚላቸው፣ መነጽራቸውን ወልወል አደረጉ። «እንግዲህ፣ ዕረፍቱ እስከ ዓርብ ነው ስንል ዓርብን ይጨምራል። ያስኬዳል፤ ጻፊለት።»

እሷ አልጻፈችም። ወረቀቱ ከወጣ ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ምንጩ ላይ ነው፤ ውኃው ከደረቀ ደግሞ ተከራክሮ የሚያስመልሰው ነገረ ፈጅ የለም።

«ጋሼ፣ ትናንት በመኪናዎ እስከ በራችን ድረስ ሸኝተውኛል አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«እና ገብተዋል?»

«ኧረ የምን መግባት!» ጋሼ ደነገጡ። «ባልሽ በረንዳ ላይ ቆሞ እያየኝ!»

«በቃ፣ እስከ በራችን ነዋ።»

ጸሐፊዋ ሻይዋ ትን አላት። ጋሼም ኮስተር ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም። «ቃሉ ለሁለት ያስኬዳል ማለት ነው» አሉ ሳቃቸውን ሲጨርሱ። «ለሁለት በሚያስኬድ ቃል ምንጭ አንቆፍርም። ይዞሽ ይሂድ፤ ሰዎቹ ሲፈርሙ ምን ብለው እንደተረዱት ጠይቂና አስተካክለሽ ጻፊው።»

መንገድ ላይ ጄኔሬተር መሪውን እየደበደበ አጉረመረመ። «ለመሆኑ ደመወዝሽን ማን እንደሚከፍልሽ ታውቂያለሽ?»

«አሳምሬ! የሚከፍለኝ እኮ እንዲህ ያለውን ነገር እንዳስቆም ነው።»

ከሴቶቹ ሁሉ ፊት የተቀመጡት ትልቅ ሴት ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«የኩባንያው ነገረ ፈጅ ነኝ፣ እትዬ።»

«ጭራሽ! ሰው ፈጅ ማሽን አንሶን ነገረ ፈጅ ላኩብን!»

ሴቶቹ አውካኩ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ «እስከ ምንጩ ድረስ ሲባል ምን መስሏችሁ ነው የፈረማችሁት?» አለቻቸው።

«ምን ይመስለናል? እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ ብለን ነዋ! ምንጩን ስጡን ቢሉን ኖሮ መች እንፈርም ነበር?»

እዚያው የመኪናው አፍንጫ ላይ ወረቀቱን ዘርግታ «ምንጩን ሳይጨምር» ብላ ጻፈች። ማሽኑ ከየትኛው ቋጥኝ እንደማያልፍም አከለችበት። ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሴቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። «ወረቀቱን ሰማን፤ ማሽኑንም እንየው» አሉ ትልቋ። ቢቸግራት እሷም አንድ ባዶ ጀሪካን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ጄኔሬተር ሲያያት ቆይቶ ራሱን ነቀነቀና ለማሽኑ ሹፌር እጁን አወዛወዘ። ማሽኑ እያጓራ ወደ ኋላ ተመለሰ። ተመልሶ ቋጥኙን ሲያልፍ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ምንጩ ወረዱ።

ትልቋ በጣሳ ውኃ ቀድተው መጡና እሷን አልፈው ለጄኔሬተር ሰጡት።

«እንካ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ጉሮሮህ ደርቋል።»

በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና እንዲደግሙት ጣሳውን መልሶ ዘረጋ።