የጉንጬ ቦርሳ

ሰፈሩ ሁሉ «ጉንጬ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ፍሪጅ ይሁን ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያ ይሁን የዕቃ ማጠቢያ፣ ማሽን ሲፈታ ብሎኑን መሬት አያስቀምጥም፤ ጉንጩ ውስጥ ይወትፈዋል። እንዲያ ጉንጩ አብጦ ከባለቤቶቹ ጋር ሲቀልድ ይውላል እንጂ አንድ ብሎን ጠፍቶበት አያውቅም። በወጣትነታቸው ሚስቱ አብራው ትሄድ ነበር። መልሶ ሊገጥም ሲል መዳፏን ከአገጩ ሥር ትዘረጋለች፤ እሱም አንድ በአንድ እንትፍ ይልባታል።

«የሰው ባል ወርቅ ይሰጣል፣ የኔው ምራቅ!» እያለች ታስቀው ነበር።

አሁን አርጅቷል፤ መርሳትም ጀምሯል። በቀደም የጎረቤት ምድጃ ሊሠራ ገብቶ ጋዙን እንደከፈተው ወጣ። ደግነቱ ክብሪት የጫረ አልነበረም። ልጃቸው ይህን ስትሰማ፣ «እሑድ መጥቼ የመፍቻ ቦርሳውን እወስዳለሁ» አለች።

እናት ግን ቦርሳው እንዲሄድ አልፈለገችም። ሰውየው አንዳንድ ቀን የገዛ ልጁ ስም ይጠፋበታል። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ መፍቻዎቹን በጨርቅ ሲወለውል ግን ፊቱ የድሮው ፊት ይሆናል። ቦርሳው ከሄደ ይህ ፊት አብሮ እንደሚሄድ ታውቃለች።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየደች። እሑድ ጠዋት እሱ ፊቱን ሲታጠብ ከሲንኩ ሥር አጎንብሳ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ስፒና ከሶኬቱ ነቀለችው። ጉንጬ ዕድሜ ልኩን፣ ማሽን ከመንካቱ በፊት መጀመሪያ የሚያየው ስፒናውን ነው። ተነቅሎ ካገኘው ስቆ ይሰካዋል፤ ተሰክቶ ካገኘው ነቅሎ ሥራውን ይጀምራል። ዛሬ ልጁ ፊት ስቆ ይሰካዋል፤ ልጅቷም አፍራ ቦርሳውን ትተወዋለች።

ልጅቷ መጥታ ምሳ ከበሉ በኋላ እናት ሳህኖቹን ማሽኑ ውስጥ ደርድራ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ጭጭ አለ።

«አንተ፣ ይሄ ማሽን አልነሳም አለኝ።»

«ዕድሜው እንደኔ ነዋ! ካልጎተቱት አይነሳም።»

ልጅቷ ሳቀች። እናት ልቧ ሞቅ አለ።

ጉንጬ ቦርሳውን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን ተጫነ፤ የማሽኑ መብራት አልበራም። የማሽኑን በር ከፈት ዘጋ አደረገው። «በሩ ነው» ብሎ ካቻቪቴውን አወጣ።

«መጀመሪያ የምታየው ነገር የለም?» አለች ሚስቱ፣ ወደ ሲንኩ ሥር በዓይኗ እያመለከተች።

«ሴትዮ፣ ባለሙያው ማነው? አንቺ ነሽ እኔ?»

ብሎኖቹን እየፈታ ወደ ጉንጩ ወተፋቸው። እጁ እንደ ድሮው ቀልጣፋ ነበር። ልጅቷ በእናቷ ጆሮ፣ «እጁ ምንም አልረሳም እኮ» ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የበሩ ሽፋን ወለቀ። ጉንጬ ሽቦዎቹን ከቦታቸው መዘዘ። ከዚያ ጣቱን በምራቁ አራሰና የሽቦዎቹን ራቁት ጫፍ ጨበጠ።

ሚስቱ አየችው። አልጮኸችም፤ ስፒናው ተነቅሏል። ይህን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ነች። እሱ አላየውም፣ አልጠየቀም፣ ዞርም አላለም። እሷ ዛሬ ጠዋት ባታጎነብስ ኖሮ ይህ ሰው እፊቷ ተንፈራግጦ ነበር።

መዳፏን ዘረጋችለት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እንትፍ አለላት፤ ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መልሶ ሽፋኑን ገጥሞ ሲጨርስ ጨርቅ የምትፈልግ መስላ ከሲንኩ ሥር ገባችና ስፒናውን ሰካችው። የማሽኑ መብራት ቦግ አለ፤ ውሃው መንሿሿት ጀመረ።

«በሩ ነው አላልኳችሁም?» አለ ጉንጬ። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

ልጅቷ አባቷን ግንባሩን ሳመችው። ልትሄድ ስትነሳ እናቷን በር ላይ ነጠል አድርጋ፣ «እማዬ፣ አጋንኜው ነው መሰለኝ። ቦርሳው ይቆይለት» አለቻት።

እናት ሳምንቱን ሙሉ ልትሰማው የጓጓችው ቃል ይሄው ነበር። ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ቦርሳውን አነሳች። ከብዷት በሁለት እጇ ነው የተሸከመችው። አምጥታ ልጇን አስታቀፈቻት።

«ውሰጂው።»

«እንዴ! ሠራው እኮ፣ እማዬ!»

«ውሰጂው አልኩሽ። እንዳትመልሺው። እኔ ብለምንሽም እንዳትመልሺው።»

ልጅቷ የእናቷን ፊት አይታ ቦርሳውን ይዛ ወጣች።

እናት ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ ጉንጬ እዚያው ወለሉ ላይ በእጁ ዙሪያውን ይዳብሳል።

«ቦርሳዬ የት ሄደ?»

«አለ። አስቀምጬልሃለሁ።»

ቀና ሲል ጉንጩ አሁንም አብጧል። አጠገቡ ቁጭ ብላ መዳፏን ከአገጩ ሥር ዘረጋች። ትንሽ አሰብ አደረገና የቀረችውን ብሎን እንትፍ አለላት።

«ያዢልኝ» አለ፣ «ነገ እገጥማታለሁ።»

«እሺ» አለችው፤ መዳፏንም ጨበጠች።