የአክስቴ የጭቃ እንስሳት

ልጅ ሳለሁ፣ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሸክላ ሠሪዎች ብቻ በምንኖርባት ጥግ፣ ተረት የሚነገረው ሸክላ በተቃጠለበት ቀን ምሽት ነበር። ደጅ ላይ የተከመረው ሣርና እንጨት ነዶ ሲያልቅ፣ ድስቱና እንስራው አመዱ ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ መብረድ ስላለበት፣ አክስቴ ዘነበች ፍሙን እየጠበቀች ትቀመጣለች፤ እኔም የተቀቀለ ቦዬዬን፣ ያንን የአገራችንን ሥራ ሥር፣ ይዤ አጠገቧ እሸጎጣለሁ። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ቢሆንም ያኔ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም ነበር፤ ትምህርት ቤት «የጭናሻ ልጅ» እየተባልኩ፣ የሸክላ ሠሪ ዘር ነች ተብዬ፣ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነበር የምውለው።

አክስቴ የአባቴ እህት ነበረች። ባል አላገባችም፤ ምላሷን የሚችል ወንድ አልተገኘም ይሉ ነበር። ተረት ስትጀምር ከተረፈው ጭቃ ቆንጠር ታደርግና እያወራች ታድቦለቡለዋለች። ጅብ ትሠራለች፤ ጅቡ ግን የገበያውን ቀረጥ ሰብሳቢ ቦርጭ ይዞ ብቅ ይላል። አህያ ትሠራለች፤ አህያዋ ደግሞ እኛ ስናልፍ አፍንጫዋን የምትይዘውን ሴትዮ ትሆናለች። ስስቅ ትቆጣኛለች። «ምን ያስቅሻል? እኔ ስለ እንስሳ ነው የማወራው» ትለኛለች፣ እሷው ሳቋን እንደምንም እየዋጠች። ሲያልቅም አህያዋን በመዳፏ ጨፍልቃ ወደ ጭቃው ትመልሳታለች። «ነገ ድስት አደርጋትና ራሷን ገዝታ፣ ራሷን ተሸክማ ትሄዳለች።»

ያኔ የኛ ድስት የማይገባበት ቤት አልነበረም፤ እኛ ግን አንገባም። ዕቃ ስናደርስ የምንቆመው አጥር በር ላይ ነው። ውሃ ከጠማን የእንሰት ቅጠል ይታጠፍና እሱ ላይ ይፈስልናል፤ ጠጥተን ቅጠሉን እንጥላለን። ማንም ይህን ክፋት ነው አይለውም ነበር፣ ወጉ ነውና።

ሶስና የክፍሌ ልጅ ነበረች፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቆርቆሮ ቤት። አንድ ቀን ጭሱን አይታ መጣች፣ ተረቱን ሰማች፣ ከዚያ በኋላ ከግቢያችን ጭስ በተነሣ ቁጥር ከእናቷ ተደብቃ ከች ትል ጀመር። ፍሙ ዳር እንዲያው መሬት ላይ ዘርፈጥ ብላ፣ ከቦዬዬ ላይ እየገመሰች ትስቃለች። ክፍል ውስጥም አጠገቤ መቀመጥ ጀመረች፤ በሕይወቴ ያገኘኋት ጓደኛ እሷ ብቻ ነበረች። ሸክላ የሚቃጠልበትን ቀን እንደ በዓል ነበር የምጠብቀው፤ እንዳትቀርብኝ እየፈራሁ።

አንድ ምሽት አክስቴ የቆቅና የጃርትን ተረት አወራች። የአገሩን የውሃ ጉድጓድ የቆፈረው ጃርት ነው፤ ጃርት ሲጠማው ግን ቆቅ ከሩቅ ታስቆመዋለች። «እዚያው፣ እዚያው» ትለዋለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። እሱ ሲሄድ የቆመበትን መሬት ታጥባለች። ታጥባለች፣ ታጥባለች፣ መሬቱ ማጥ ሆኖ እሷኑ እስከ አንገቷ እስኪውጣት ድረስ። ጎትቱኝ ብላ ብትጮህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ታቆሽሸናለች» እያለ አለፋት። አክስቴ ለጭቃዋ ቆቅ በጎን የተቋጠረ ሻሽ አድርጋላት ነበር። እኔ በሳቅ ፍርስ ስል ሶስና ዓይኗን ከሻሹ ላይ አልነቀለችም። ሻሹም፣ «እዚያው፣ እዚያው»ም የእናቷ ነበር። ቦዬዋን አስቀምጣ፣ ደህና እደሩ ሳትል ሄደች።

«ምነው፣ ውሸት ተናገርኩ?» አለች አክስቴ።

ውሸት አልተናገረችም። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር የሶስና እናት ያዘዘችውን እንስራ ልናደርስ ሄድን። «እዚያው፣ እዚያው» አለችን፤ ቆምን። ቤት ውስጥ እንግዶች ነበሩ። አክስቴ ውሃ ስትጠይቅልኝ እንደ ልማዴ እጄን ለቅጠሉ ዘረጋሁ። ሶስና ግን ብርጭቆ ይዛ መጣች፣ አበባ ያለበትን፣ የእንግዳ ብርጭቋቸውን። እናቷ ክው አለች፤ በእንግዶቹ ፊት ግን ልትከለክላት አልቻለችም። ጠጣሁ። ግማሹን ደረቴ ላይ አፈሰስኩት። ሶስና ብርጭቆውን ስትቀበለኝ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አጥሩን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ብርጭቆ ድንጋይ ላይ ሲሰበር ሰማን።

«ከእጇ አምልጧት ይሆናል» አልኩ።

አክስቴ ቆመች። «ይሆናል» ብላ እጄን ያዘችኝና መንገዳችንን ቀጠልን።

ሰኞ ሶስና ሌላ ዴስክ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከሩቅ በዓይኗ ሰላም ትለኝ ነበር፤ እሱም ቢሆን አባቷ ወደ ቤሌ ከተማ እስኪዛወር ድረስ ነው። በቀጣዩ ሸክላ የማቃጠል ቀን፣ ፍሙ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ቆቋን ዳግመኛ እንድትሠራት፣ አሁን ደግሞ ጨርሳ እንድታሰጥማት አክስቴን ለመንኳት። ጭቃውን አልነካችም።

«ማን ይሰማዋል?» አለችኝ። «እነሱ እዚህ መጥተው ያውቃሉ? የመጣችው ያቺ ልጅ ብቻ ናት።»

ይህን አባባሏን ብዙ አስቤበታለሁ። ተረቷ የሚገባቸው ሰዎች እሳታችን ዳር ተቀምጠው አያውቁም። የደረሰው ከማንም ይልቅ የዋህ ለነበረችው ለአንዲት ልጅ ነው፤ እሷም የሰማችውን በእጇ ሠራችው፣ ዋጋውን ግን ሁለታችንም ከፈልን። አክስቴ ተረት መንገሩን አልተወችም፤ ያኔ የነበራት ሳቅ ግን አልተመለሰም።

ዛሬ ሶዶ ከተማ ቢሮ እሠራለሁ። ሰርግ እጠራለሁ፣ ከሰው እኩል ገበታ እቀርባለሁ፣ ጭናሻ የሚለኝ የለም፣ ቢያንስ እየሰማሁ። ቡና ጠጪ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ ይሉኛል፤ ከልባቸው እንደሆነም አምናለሁ። ግን ሰው ቤት ውሃ ጠጥቼ በወጣሁ ቁጥር፣ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ፣ እስከ አጥሩ ድረስ እርምጃዬን ቀስ አደርጋለሁ። እስካሁን የሰማሁት ነገር የለም። ግን አዳምጣለሁ።